ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ

ባለፈው እትም ስለ ሐዘን ስጽፍ፣ በወጣትነቴ ለሁለት ዓመት ያህል መጸለይ አቅቶኝ እንደ ነበር በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነክቼ አልፌ ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ካሰብኩት በላይ ደብዳቤ አመጣች። ስለዚህ በዚህ ወር ሌሎቹን ጥያቄዎች ለጊዜው አቆይቼ በዚህ በአንዱ ጉዳይ፣ በእምነት ጥርጥር ላይ እቆያለሁ። አራት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አውጥቻለሁ፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬአለሁ።

*

«እትዬ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መሪ ነኝ። ሦስት ዓመት አብራን የቆየች፣ በመዘምራንም የምታገለግል አንዲት እህት አለች። ከአራት ወር በፊት ከጥናት በኋላ ወደ ኋላ ቀረት ብላ፣ ‹ስጸልይ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም፤ እንዲያውም መኖሩንም እንጃ› አለችኝ። ደነገጥኩ። የዚያኑ ዕለት ማታ ጥቅሶች ላክሁላት። በሳምንቱ ስለ እግዚአብሔር መኖር የሚያስረዱ ሦስት ስብከቶች ጨመርኩላት። ከዚያም ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ጥቅስ እልክላት ነበር። እናቷ ባለፈው ዓመት ታመው ካረፉ ወዲህ ዝምታ ታበዛ ነበር፤ ያን ያህል ግን አልመሰለኝም። በጸሎት ፕሮግራማችንም ስሟን ጠርቼ ስለ እምነቷ እንድንጸልይ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ስልክም አታነሣልኝም። የቱን መልስ ብሰጣት ይሻል ነበር?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለዚህች ልጅ እንደምታስብላት ግልጽ ነው፤ የማያስብ ሰው ጠዋት ጠዋት ጥቅስ አይልክም። እውነቱን ግን አልሸሽግህም። እሷ የሆዷን የነገረችህ እንድትሰማት ነበር፤ አንተ ሰምተህ ሳትጨርስ ልትጠግናት ተነሣህ።

በደብዳቤህ መሀል ስለ እናቷ ሞት የምትል አንዲት መስመር አለች። «ያን ያህል ግን አልመሰለኝም» ብለህ አለፍካት። እኔ እዚያች መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እናቷን አስታማ የቀበረች ልጅ «ስጸልይ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም» ስትል፣ ምን ብላ ስትጸልይ እንደ ነበር ጠይቀሃታል? ምናልባት ወራት ሙሉ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ «እናቴን ማርልኝ» ስትል ከርማ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ የነገረችህ ልቅሶዋን ነው። ለልቅሶ ስብከት አይላክም፤ ሄደው ይቀመጣሉ።

ሰዎችን ሳዳምጥ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ተምሬአለሁ፦ ጥርጥር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ምንጩ ብዙ ነው። አንዱ ከንባብ ይመጣል። ሰውዬው ስለ ፍጥረት ወይም ስለ መጽሐፍ ቅዱስ አጻጻፍ አንድ ነገር አንብቦ፣ በልጅነቱ ከተማረው ጋር ማስታረቅ ያቅተዋል። እንዲህ ላለው መጽሐፍ መስጠት፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ማገናኘት ይጠቅመዋል፤ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነ እውነተኛ መልስ ይገባዋል። «ዝም ብለህ እመን» ማለት ለእሱ ስድብ ነው። አባቶቻችንስ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» አይደል የሚሉት! ሌላው ከበደል ይመጣል። አገልጋይ በድሎታል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ነገሩን ሸፋፍና አልፋዋለች፤ አሁን ያንን አገልጋይ ሳያስብ የእግዚአብሔርን ስም መጥራት አይችልም። ይህ ሰው የሚፈልገው ፍትሕ ነው፤ ማስረጃ ብትደረድርለት በቁስሉ እንጨት መስደድ ይሆንብሃል። ሌላው ደግሞ ደክሞታል፤ ሌላ ምንም የለውም። ኤልያስን አስታውስ። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ሲለምን፣ መልአኩ ይዞለት የመጣው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በልቶ ተኛ፤ መልአኩም ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነግርህ ከመልሱ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቅ፦ «መቼ ጀመረሽ?»፣ «ያን ሰሞን ምን ሆነሽ ነበር?» እነዚህ ሁለቱ ጥያቄዎች ብዙ የከንቱ ክርክር ሰዓት እንዳዳኑልኝ እመሰክራለሁ።

አሁን በስብከት ሁሉ «ተጠራጣሪው» እየተባለ ስሙ ስለሚነሣው ስለ ቶማስ ላንሣልህ። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20ን ክፈት። ጌታ በትንሣኤው ዕለት ማታ ለደቀ መዛሙርቱ ሲገለጥ ቶማስ አልነበረም። ሌሎቹ «ጌታን አይተነዋል» አሉት፤ እሱም የችንካሩን ምልክት ካላየሁ፣ ጣቴን ካላገባሁ «አላምንም» አለ። ሰባኪዎች ከዚህ በቀጥታ ወደ «ጌታዬ አምላኬም» ይዘላሉ። በመሀል ግን አንድ ቁጥር አለ፦ ከስምንት ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ደግመው በውስጥ ነበሩ፣ «ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ»።

ስምንት ቀን! አሥሩ አይተዋል፣ ደስታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸዋል፤ አንዱ «አላምንም» እንዳለ በመሀላቸው ይበላል፣ ይተኛል። በእነዚያ ስምንት ቀናት ምን እንደ ተባባሉ ወንጌሉ አይነግረንም። የሚነግረን አለመለያየታቸውን ነው። እነሱ «እስክታምን ድረስ ውጭ ቆይ» አላሉትም፤ እሱም ቤቱን ጥሎ አልሄደም። ጌታ ሲመጣ ቶማስን ያገኘው እዚያው ቤት፣ ከወንድሞቹ ጋር ነው። ቶማስን ለማሳመን የጣሩ ከነበረ ጥረታቸው አልሠራም፤ አብሮ መቆየታቸው ግን ጌታ እስኪመጣ አደረሰው።

ያንተ ቡድን ለዚህች ልጅ እነዚህን ስምንት ቀናት ነው የነፈጋት። በጸሎት ፕሮግራም ላይ ስሟን የጠራህ ዕለት በመካከላችሁ የነበራት ቦታ ተወሰደባት። ከዚያ በኋላ በበሩ ብትገባ «ያቺ እምነቷ የታመመባት» ሆና ነው የምትገባው። በጸሎት መልክ የወጣ ምስጢርም የወጣ ምስጢር ነው። ይህን አምርሬ የምናገረው አንተን ለማሳፈር አይደለም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ በቅን ልብ ሲደረግ ስላየሁና ስንቱን እንዳራቀ ስለማውቅ ነው።

ምን ታደርጋለህ? መልእክት መላኩን አቁም። እሷ የምታምናት አንዲት ጓደኛ ካለች፣ ልታያት እንደምትፈልግና ለመከራከር እንደማትመጣ በእሷ በኩል አስነግር። ከፈቀደች ሄደህ እንዲህ በላት፦ «የነገርሽኝን ሳላስፈቅድሽ ለሌሎች ተናግሬብሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። እናትሽን አጥተሽ ደግሞ በቅጡ አልጠየቅሁሽም።» እዚህ ላይ አፍህን ዝጋ። «ግን» የምትለዋን ቃል አትጨምር። «ግን ያደረግሁት ስለማስብልሽ ነው» ካልክ ይቅርታህን መልሰህ ኪስህ ከተትከው። ወደ ጥናት እንድትመለስም በዚያ ቀን አትጋብዛት።

ከዚያ ስለ እናቷ ጠይቃት። ምን ዓይነት ሴት ነበሩ? በመጨረሻው ሰሞን ምን ይሉ ነበር? ካለቀሰች አብረሃት ተቀመጥ። የኢዮብ ጓደኞች በሰባቱ ቀንና ሌሊት ውስጥ አንድም ቃል ሳይናገሩት መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ ታላቅ ሥራ ሠርተው ነበር፤ ነገሩን ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በጮኸውና በሞገተው በኢዮብ ላይ አልነበረም፤ እሱን ወክለው ይከራከሩ በነበሩት በእነሱ ላይ ነው።

አንድ ቀን ራሷ «ለምን አልሰማኝም?» ብላ ብትጠይቅህ፣ የማታውቀውን እንደምታውቅ ሆነህ አትመልስ። «አላውቅም፤ እኔም ይከብደኛል» ማለት አገልጋይን አያሳንስም። ደግሞም እሷን ከአማኞች መዝገብ አትሰርዛት። መጥምቁ ዮሐንስ በወኅኒ ሳለ «የሚመጣው አንተ ነህን ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ደቀ መዛሙርቱን ልኮ ነበር፤ ጌታን በገዛ እጁ ያጠመቀው ዮሐንስ! ጌታ ሳይቆጣ ያዩትንና የሰሙትን ሄደው እንዲነግሩት መለሳቸው። መልእክተኞቹ ዞር ሲሉ ደግሞ በሕዝቡ ፊት፣ ከሴቶች ከተወለዱት መካከል ከእሱ የሚበልጥ አልተነሣም አለ። ያንን ምስጋና የተናገረው ዮሐንስ በጠየቀበት በዚያው ሰዓት ነው።

ከመዘምራን ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለውን ለእሷ ተወው። አንዳንዱ ሰው መናገር ሲያቅተው መዘመር አያቅተውም፤ አንዳንዱ ደግሞ መዘመሩ ያንቀዋል። ለቡድኑ ምንም ማብራሪያ አትስጥ፤ ዝም በሉ፣ ስትመጣ እንደ ድሮው ሰላም በሏት።

«የቱን መልስ ብሰጣት ይሻል ነበር?» ላልከኝ፦ ያን ማታ «እስቲ ንገሪኝ» ብትላት ይሻል ነበር። አሁንም አልዘገየም።

*

«እትዬ፣ ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በቤተ ክርስቲያን አድጎ፣ በልጅነቱ ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ የሚጸልይ ልጅ ነበር። አሁን ግን ‹እማ፣ አላምንበትም፤ ልዋሽሽ አልፈልግም› አለኝ። አባቱ ከተቆጣ ወዲህ አያናግረውም። ካህናችንን ጠርተው እንዲከራከሩልኝ ለመንኳቸው፤ እሳቸው ግን ‹ለጊዜው ተዪው፣ ጸልዪለት› አሉኝ። ልጄን ችላ አሉት ማለት ነው? ሌላ አዋቂ ልፈልግ?»

እኅቴ፣ ከ1,600 ዓመት በፊት አንዲት እናት ያንቺኑ ልመና ይዛ አንድ ጳጳስ ፊት ቆማ ነበር። ሞኒካ ትባላለች። ልጇ አውግስጢኖስ በ19 ዓመቱ ማኒ የሚባል ሰው ያስተማረውን፣ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ትምህርት ተቀብሎ ዘጠኝ ዓመት ያህል በዚያ ቆየ። ጳጳሱን ልጄን ጠርተው ይከራከሩልኝ አለቻቸው። እሳቸው እምቢ አሉ። ልጁ በአዲሱ ትምህርት ስለ ሰከረና ክርክር ስለሚወድ አሁን አይሰማም፤ ባለበት ተዪው፣ ብቻ ጸልዪለት፤ ሲያነብ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል አሏት። እሳቸውም ራሳቸው በልጅነታቸው ለዚያው ወገን ተሰጥተው እንዳደጉ፣ መጻሕፍታቸውን ሁሉ ከማንበብ አልፈው እንደ ገለበጡ፣ ማንም ሳይከራከራቸው በገዛ እጃቸው ትተው እንደ ወጡ ነገሯት። ሞኒካ አልተጽናናችም፤ እያለቀሰች ወተወተቻቸው። ጳጳሱ በመጨረሻ ሰለቻቸውና የእነዚህ እንባዎች ልጅ ሊጠፋ አይችልም፣ በቃ ሂጂ ብለው አሰናበቷት። ይህን ሁሉ የነገረን ልጁ ራሱ ነው፤ አድጎ ጻፈው።

ካህንሽ ልጅሽን ችላ አላሉትም ብዬ አምናለሁ። ሲከራከሩ ኖረው የክርክርን አቅም ያወቁ ሰው ይመስሉኛል።

ከዚሁ ታሪክ ሌላም ልጨምርልሽ። አውግስጢኖስ ሚላን ሲደርስ የከተማዋን ጳጳስ አምብሮስዮስን አገኘው። መጀመሪያ የወደደው የእውነት አስተማሪ ነው ብሎ እንዳልነበረ፣ ቸርነት ስላሳየው እንደ ነበር ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ387 በትንሣኤ በዓል ያጠመቀውም ይኸው ሰው ነው፤ አውግስጢኖስ ያኔ 32 ዓመቱ ነበር። ልጅሽ እንደ እሱ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ማንም ሊገባልሽ አይችልም። እኔ የምለው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ቸር ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ ነው።

ለአባቱ ደግሞ ይህን አንብቢላቸው። አባት ሆይ፣ ልጅዎ ሊዋሽ ይችል ነበር። ከእናቱ ጎን ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዕድሜውን ሙሉ ሊያታልላችሁ ይችል ነበር። እውነቱን የነገራችሁ ስለሚያምናችሁ ነው። ለእውነቱ ቅጣት ካገኘ ሁለተኛ አይነግራችሁም። ቤቱ፣ ማዕዱና የአባቱ ድምፅ በእምነቱ ልክ የሚሰፈርለት ልጅ፣ ስለ እግዚአብሔር አብ ምን ዓይነት ሥዕል ይይዛል?

አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ሳትቆጪ «የማታምንበት እግዚአብሔር ምን ዓይነት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ስንት ወጣት ይህን ጠይቄ፣ የሚዘረዝሩልኝ ጨካኝ ተቆጣጣሪ እኔም የማላምንበት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጸሎቱን በተመለከተ በጓዳሽ ጸልዪ፤ እንዲሰማ ብለሽ ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ።

*

«እትዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መጸለይ ስጀምር በአእምሮዬ አስቀያሚ ስድብ ይመጣብኛል፤ በቅዱሳን ላይ፣ በእግዚአብሔርም ላይ። እጸየፈዋለሁ፤ ባባረርኩት ቁጥር ይበዛል። በቀን ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ንስሐ እገባለሁ። ‹ይቅር የማይባለውን ኃጢአት ሠርቼ ይሆን?› እያልኩ መምህሬን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ ‹አልሠራህም› ሲሉኝ ለአንድ ሰዓት እረፍት አገኛለሁ፣ ከዚያ ይመለሳል። እምነቴ ሞቷል ማለት ነው?»

ልጄ፣ አልሞተም። የጻፍክልኝ ጥርጥርም አይመስለኝም፤ ክህደትማ በጭራሽ አይደለም። የከዳ ሰው በስድቡ አይጨነቅም። ሳትፈልገው እየደጋገመ የሚመጣ፣ የምትጸየፈው፣ ባባረርከው ቁጥር የሚበረታ፣ ማረጋገጫ ስታገኝ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚተኛ አሳብ ለሐኪሞች የታወቀ ነገር ነው። ኦሲዲ የሚባል ሕመም አለ፤ በአንዳንዱ ሰው እጅ በማስታጠብ፣ በሌላው በር ደጋግሞ በማስቆለፍ ይታያል፤ ሃይማኖቱን በሚወድ ሰው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሚወደው ነገር በኩል ይመጣበታል። ያንተ እሱ ይሁን አይሁን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ምልክቱ ግን ስለሚመስል ዛሬ ነገ ሳትል የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂድ። ሕክምና አለው። መድኃኒት የሚረዳቸው አሉ፤ ደግሞ ሰውን ከሚፈራው አሳብ ጋር ቀስ በቀስ እያለማመደ፣ ማረጋገጫ መጠየቁን እንዲተው የሚያደርግ የንግግር ሕክምና አለ።

ይህን ደብዳቤ ለመምህርህ አሳያቸው። በየቀኑ «አልሠራህም» እያሉ ሲመልሱልህ ሊረዱህ ብለው ነው፤ ግን ሕመሙን እየመገቡት ሊሆን ይችላል። ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገሩ መልካም ነው። እስከዚያው አሳቡ ሲመጣ አትታገለው፤ በመንገድ ሲያልፍ እንደ ሰማኸው ጩኸት ቁጠረውና ጸሎትህን ከቆምክበት ቀጥል። መኖር የሚያስጠላህ ቀን ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ የዚያኑ ሰዓት ለቅርብ ሰው ተናግረህ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

*

«እትዬ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ልጆችን ካስተማርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ውስጤ ባዶ ነው። ‹እግዚአብሔር ይወዳችኋል› ስላቸው ልቤ ‹ውሸታም› ይለኛል። ጸሎተ ሃይማኖት ሲደገም ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ያዕቆብ ‹የሚጠራጠር ከጌታ ዘንድ አንዳች እንዲያገኝ አይምሰለው› ስለሚል መጸለዩንም ፈራሁት። ማንም አያውቅብኝም። ልልቀቅ?»

እህቴ፣ «ማንም አያውቅብኝም» የምትለው ቃልሽ ከሁሉ ይልቅ አሳስባኛለች፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ያዕቆብን ከአንድ ቁጥር ከፍ ብለሽ አንብቢው። ጥበብ የጎደለው ሰው «ሳይነቅፍ በልግስና ለሁሉ የሚሰጠውን እግዚአብሔርን ይለምን» ይላል። ሳይነቅፍ! ቀጥሎ የሚወቅሰው ልቡን ለሁለት ከፍሎ በመንገዱ ሁሉ የሚወላውለውን ሰው ነው፤ እያለቀሰ የሚፈልገውን አይደለም። በማርቆስ ምዕራፍ 9 የታመመውን ልጅ ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ልጁ ተፈወሰለት። «መጀመሪያ አለማመንህን ጨርሰህ ና» አልተባለም።

ባለፈው ወር በአንዲት መስመር ያለፍኩትን አሁን ልጻፈው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ላይ ታናሽ ወንድሜ በድንገት ሞተ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ አገልጋይ ሊያጽናናኝ መጥቶ፣ በቤታችን የተሸሸገ ኃጢአት እንዳለ ራሴን እንድመረምር ነገረኝ። ያን ቀን በውስጤ አንድ ነገር ተቆረጠ። ቤተ ክርስቲያን መሄዴን አላቋረጥኩም፤ እናቴን እንዳላስከፋ ብዬ ነው። ጸሎቱ ሁሉ ግን ለሌላ ሰው የተጻፈ መሰለኝ። አንዲት አሮጊት እናት ሁልጊዜ አጠገቤ ይቆሙ ነበር። ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ ዝም ማለቴን አዩ። ምንም ሳይሉ ወራት አለፈ። አንድ እሑድ ሲያልቅ እጄን ያዙና በጆሮዬ፣ «አንቺ እስክትችዪ ድረስ ስላንቺም እኔ እላለሁ፤ አጠገቤ ብቻ ቁሚ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ለምን አልልም ብለው አልጠየቁኝም፤ ለማንም አልተናገሩብኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እኔ እያሉልኝ አጠገባቸው ቆምኩ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ያሉት ትክክል መሆኑን በመጽሐፍ ያገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች የሃይማኖቱን ቃል በግሪክኛ ሲጽፉት «አምናለሁ» ብለው አልጀመሩም፤ «እናምናለን» ብለው ነው። በግእዙም «ነአምን» ነው የምንለው። በዚያች በብዙ ቁጥር ውስጥ ለደከመው ሰው መጠጊያ አለ። ከንፈርሽን ብቻ በምታንቀሳቅሽበት እሑድ እንኳ በግራና በቀኝሽ የቆሙት «እናምናለን» ሲሉ አንቺን ቆጥረው ነው።

ውሸታም ያለሽ ልብሽ ደግሞ አድልቶ ፈርዶብሻል። እማሆይ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1997 ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ የግል ደብዳቤዎቻቸው ሲታተሙ፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የእግዚአብሔር መኖር ጨርሶ ሳይሰማቸው፣ በጨለማ ውስጥ ሆነው ድሆችን ሲያገለግሉ እንደ ኖሩ ታወቀ። አንዳንዶች «ስታታልል ኖረች» አሉ። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። ለመንፈሳዊ አባቶቻቸው ነግረው ነበር፤ ብቻቸውን አልተሸከሙትም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አትልቀቂ፤ እረፍት ግን ጠይቂ። ለሦስት ወይም ለአራት ወር ክፍሉን ሌላ ሰው ይያዝልሽ፤ ለኃላፊው «ደክሞኛል፣ ማረፍ አለብኝ» ማለት እውነት ነው፤ ዝርዝሩን ለሁሉ የመናገር ዕዳ የለብሽም። እረፍቱ ካልተገኘና ማስተማር ካለብሽ፣ የማትችዪውን ቃል አትበዪ። «ወንጌሉ እንዲህ ይላል፣ ጴጥሮስ ነፋሱን አይቶ ፈራ፣ መስጠምም ጀመረ» እያልሽ ታሪኩን ተርኪላቸው። ይህን ስትዪ አትዋሺም፤ ልጆቹም ታሪኩን ይወዱታል።

«ማንም አያውቅብኝም» ያልሽውን ግን በዚህ ሳምንት አብቂው። ለአንድ ሰው ንገሪ፤ ለአንድ ብቻ። ማዕረግ ያለውን አትፈልጊ፤ ሌላ ሰው የነገረውን ለአንቺ አምጥቶ የማያውቀውን ፈልጊ። ስትነግሪውም «መልስ አትስጠኝ፣ ስማኝ ብቻ» ብለሽ ጀምሪ፤ ብዙ ሰው ካልተነገረው በቀር ምን እንደሚጠበቅበት አያውቅም።

መጸለዩን ከፈራሽው የራስሽን ቃል ለጊዜው ተዪውና የመዝሙረ ዳዊትን 88ኛ አንብቢ፤ በሰባው ሊቃናት ቁጥር 87ኛው ነው። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙራት አብዛኞቹ ወደ ማብቂያቸው ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ ይህ ግን አይዞርም። «ለምን ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?» ብሎ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ያልቃል፤ በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃል ጨለማ ነው። የሰበሰቡት ሰዎች መጨረሻውን አላስተካከሉትም፤ እንዳለ ከነጨለማው ለጸሎት አስቀመጡልን። እኔ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ማንበብ ሲያቅተኝ ማታ ማታ እሱን ብቻ አነብ ነበር፤ ሲያልቅ መብራቱን አጥፍቼ እተኛለሁ።